ለመፍታት እንግዛው፦ ስለ ኤሌክትሪክ የጎማ መፍቻ አመራረጥ

 

የዚህ መድረክ አዘጋጆች የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። «ጎማ ለመቀየር የትኛውን የኤሌክትሪክ መፍቻ ብንገዛ ይሻለናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ጊዜውን የጠበቀ ነው። መርካቶ ብትወጡ፣ ሶማሌ ተራ ብትዞሩ፣ በስልካችሁ የቴሌግራም ገበያ ብትከፍቱ፣ በፕላስቲክ ሻንጣ የታሸገ፣ ኢምፓክት የሚባል የኤሌክትሪክ መፍቻ ታገኛላችሁ። ሁሉም ላይ ትልልቅ ቁጥር ተጽፏል። ሻጩም «ይኼ ኃይለኛ ነው፤ የከባድ መኪና ሳይቀር ይፈታል» ይላችኋል።

መልሴን እስከ መጨረሻ አላስጠብቃችሁም። ማሽኑን የምንገዛው ዳዶ ለመፍታት ነው። ማጥበቅ የእጅና ጉልበቱን የሚለካልን የቶርክ ሬንች ሥራ ነው። ይህን ነገር ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም በገበያው ላይ የምናያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ማሽኑ ሁለቱንም እንዲሠራልን ከመፈለግ ነው። በመጀመሪያ ስለ ጉልበቱ መጠን እናገራለሁ። ቀጥሎ ስለ ማሽኑ ዓይነትና ስለ ባትሪው፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ስለሚገጠመው ቡሶላ፣ በመጨረሻም ስለ አጠባበቁ።

እንግዲህ ከጉልበቱ እንጀምር።

የጎማ ዳዶ በምን ያህል ጉልበት መጥበቅ እንዳለበት ፋብሪካው ወስኖ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ጽፎታል። መለኪያው ኒውተን ሜትር ይባላል። ከተማችንን የሞሏት ቪትዝና ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠይቁት። 103 ስንት ነው? በቤታችን ባለው ዕቃ እንለካው። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ ዳዶው ላይ አግድም ይገጠም። ከቁልፉ ጫፍ ላይ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይንጠልጠል። ውሃው 20 ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ገደማ ይሆናል። 21 ኪሎ በግማሽ ሜትር ላይ ሲሰቀል ዳዶው የሚያገኘው ጉልበት 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶዮታ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ አንድ ጀሪካን ውሃ።

አሁን ጀሪካኑን አውርዱትና ጎማ ቤት በየቀኑ የምናየውን ነገር በቦታው አስቡ። ልጁ ቁልፉን ዳዶው ላይ ያስገባል፤ ከዚያ ይወጣበታል። ልጁ 70 ኪሎ ቢመዝን፣ በግማሽ ሜትር ቁልፍ ላይ መቆሙ ብቻ 343 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ሦስት እጥፍ አልፏል። አንዳንዱ ደግሞ ቆሞ አይበቃውም፤ ዘለል ዘለል ይላል። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ጎማው እንዳይወልቅ ለደንበኛው አስቦ ነው። ነገር ግን በዚያው ልክ ብሎኑን ይለጥጠዋል፣ ጥርሱን ይበላዋል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መንገድ ላይ ማንም እንዳይፈታው አድርጎ ይቆልፈዋል። ከአዋሽ አልፋ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ጎማ የተበሳባት እኅታችን ክሪክ አላት፣ ስኮርታ አላት፣ ከመኪናው ጋር የመጣ አጭር ቁልፍም አላት። አንድ ዳዶ ማነቃነቅ ግን አትችልም። የኤሌክትሪክ መፍቻ ያስፈለገን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቀድሞ ያለ ልክ የጠበቀውን ለመፍታት።

ስለዚህ ምን ያህል ጉልበት ያለው ማሽን እንግዛ? በማሽኑ ካርቶን ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። አንደኛው ማሽኑ ለማጥበቅ የሚያወጣው ነው፤ ሁለተኛውና ትልቁ የጠበቀ ዳዶ ለመስበር፣ ማለትም ለመፍታት የሚያወጣው ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። ማኪታ ዲቲደብሊው 300 የሚባለው ማሽን ለማጥበቅ 330፣ ለመፍታት 580 ኒውተን ሜትር ይላል። ታላቁ ዲቲደብሊው 1002 ደግሞ ለማጥበቅ 1000፣ ለመፍታት 1600 ይላል። ሻጩ የሚጠራላችሁ ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው። እናንተ «የቱ ነው የመፍቻው? የቱ ነው የማጥበቂያው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ወይም ካርቶኑ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ብቻ ካለ፣ በዚያ ቁጥር ላይ እምነት አትጣሉ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለቤት መኪና፣ ለፒክአፕና ለሚኒባስ በመፍቻው በኩል ከ500 እስከ 700 ኒውተን ሜትር የሚያወጣ፣ ግማሽ ኢንች ራስ ያለው ማሽን ይበቃል። በ103 የጠበቀ ዳዶ ትንሽ ዝገት ቢጨመርበትም ለዚህ ማሽን ከባድ አይደለም። ልጁ ወጥቶበት በ343 ያጠበቀውንም ይፈታዋል። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ጉልበት ክብደት ነው። መካከለኛው ማሽን ከነባትሪው 2 ኪሎ ገደማ ሲሆን ትልቁ ከ3 ኪሎ ይበልጣል። ጎንበስ ብላችሁ በሁለት እጃችሁ ጎማ ፊት ስትይዙት ያ ልዩነት ይታወቃችኋል። ቀኑን ሙሉ ለሚይዘው የጎሚስታ ልጅ ትከሻ ደግሞ እንኳን አንድ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎም ቀላል አይደለም።

የሲኖትራክና የመሳሰሉት ከባድ መኪኖች ጉዳይ ሌላ ነው። የነሱ ዳዶ ሲጠብቅ ራሱ ከ500 ኒውተን ሜትር በላይ ስለሚጠይቅ፣ ሦስት አራተኛ ወይም አንድ ኢንች ራስ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። በአንዳንድ አሮጌ የጭነት መኪኖች በግራ ጎን ያለው ዳዶ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታም አስታውሱ። ማሽን ሳትይዙ ልብ ካላላችሁት፣ የምትፈቱ መስሏችሁ ታጠብቁታላችሁ።

ከማሽኑ ቁጥር ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ውስጥ መልካቸው የተቀራረበ ሦስት ማሽኖች አሉ። አንዱ ተራ መሰርሰሪያ ነው። ሁለተኛው አጠር ያለ፣ ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የቪስ ማሰሪያ ኢምፓክት ነው። ሦስተኛው ባለ ካሬ ራሱ፣ ቡሶላ የሚቀበለው፣ የእኛው ነው። ሁለተኛውን ገዝተው፣ መቀየሪያ ገጥመው ጎማ ለመፍታት የሚሞክሩ አሉ። ያ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኒውተን ሜትር በታች ነው፤ የተሠራውም ለእንጨትና ለቆርቆሮ ሥራ ነው። የእኛው ማሽን ውስጡ መዶሻ አለው። ሞተሩ መዶሻውን ያሽከረክረዋል፤ ዳዶው እንቢ ሲል መዶሻው ወደ ኋላ ሸሸት ይልና ተወርውሮ የማሽኑን ራስ ይመታዋል። ይህ በደቂቃ ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ነው ያን ያህል ጉልበት እያወጣ የያዘውን ሰው እጅ የማይጠመዝዘው። ጉልበት ያነሳት እናትም፣ ዕድሜ የገፋ አባትም ሊይዙት የሚችሉት ለዚህ ነው። እኔ በዚህ መሣሪያ ላይ ትልቅ ተስፋ ያለኝ ከሁሉ በላይ ስለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ?

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ባለ 12 ቮልት ማሽን ነው። ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው ያየዋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። የመለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው፤ 15 በ12 ሲባዛ 180 ዋት ነው። ከዚህ በላይ ብትስቡ ፊውዙ ይቃጠላል። ይህ ማሽን፣ ባለቤቱ ወጥቶበት የማያውቀውን፣ በልኩ የጠበቀን ዳዶ ጊዜ ወስዶ ሊፈታ ይችላል። የኛ መኪኖች ዳዶ ግን እንዴት እንደሚጠብቅ ተናግሬአለሁ። ይህን ዓይነት አልመክርም።

ሁለተኛው በገመድ ከ220 ቮልት የሚሠራው ነው። ለጎማ ቤት መጥፎ ምርጫ አይደለም። ባትሪው አለቀ የለበት፣ ቻርጀር የለበት፣ በዋጋም ከባትሪው ይሻላል። ቦታችሁ ቋሚ ከሆነና ጄኔሬተር ካላችሁ አስቡበት። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይቆማል፤ እርጥብ መሬት ላይ የሚጎተት ገመድም አደጋ ነው። የተላጠ ገመድ በፕላስተር ጠቅልሎ ክረምቱን ማሳለፍ የሚባል ነገር አይኑር፤ የሰው ሕይወት ነው።

ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ነው። ለመኪና ባለቤትም፣ መንገድ ዳር ለሚሠራ ጎሚስታም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ 18 ቮልት፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ያለው፣ ፍጥነቱ በደረጃ የሚቀነስ። ካርቦን የሌለው ሞተር ከተመሳሳይ ባትሪ ብዙ ሥራ ያወጣል፣ ሙቀቱም ያንሳል፣ የሚያልቅ ካርቦንም የለውም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ገዢው በብዛት የሚታለለው ባትሪው ላይ ነው። አንዱ ማሽን 18 ቮልት ይላል፣ አጠገቡ ያለው 20፣ ሌላው 21። ሻጩ «ይኼኛው በሦስት ቮልት ይበልጣል» ይላችኋል። አይበልጥም። በሦስቱም ውስጥ ተከታትለው የታሰሩት አምስት የሊቲየም ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል በመደበኛ ልኩ 3.6 ቮልት ነው፤ በአምስት ሲባዛ 18 ይሆናል። ገና ከቻርጀር ሲነሣ 4.2 ይደርሳል፤ በአምስት ሲባዛ 21 ይሆናል። አንዱ ፋብሪካ መደበኛውን ጻፈ፣ ሌላው ሲሞላ ያለውን ጻፈ፤ ባትሪው አንድ ነው። ከዚያ ደግሞ «88 ቪኤፍ»፣ «288 ቪኤፍ»፣ «388 ቪኤፍ» የሚል ተለጥፎባቸው የሚሸጡ አሉ። ይህ ቮልት አይደለም። እነዚህንም ብትከፍቷቸው ብዙ ጊዜ ተከታትለው የታሰሩ ያው አምስት ሴሎች ናቸው የሚገኙት፤ ቁጥሩ ለገበያ የተጻፈ ነው። በዚህ ቁጥር ምክንያት አንድ ወጣት ጎሚስታ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሲያፈስ ማየት ያስቆጣኛል። እባካችሁ ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ታዲያ ባትሪውን በምን እንለየው? በሚዛን። እውነተኛው ባለ 5 አምፔር ሰዓት፣ 18 ቮልት ባትሪ በአብዛኛው ውስጡ አምስት አምስት ሴል በሁለት ረድፍ፣ በድምሩ አስር ሴል ነው ያለው፤ ስለዚህ ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል። አምስት ሴል ብቻ ያለው ትንሹ ባትሪ 350 ግራም አካባቢ ነው። ባትሪው ላይ 6 አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፎ በእጃችሁ ቅልል ካለላችሁ፣ ወይም የአትክልት ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ግማሽ ኪሎ ካልሞላ፣ መልሱት። የታወቁ ምርቶች ሐሰተኛ ቅጂም ገበያ ውስጥ አለ። ቀለሙ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፣ ማሽኑ ግን ያው አይደለም። ዋጋው ከእውነተኛው ሲሶ ከሆነ ምክንያት አለው።

ከውጭ አገር ለሚላክላችሁም አንድ ቃል። ብዙዎቻችን መሣሪያ የምናገኘው ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ አገሮች በዘመድ በኩል ነው። የአሜሪካው ማሽን ራሱ እዚህ ያለ ችግር ይሠራል፤ ባትሪው ምንም አይለወጥም። ችግሩ ቻርጀሩ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ቻርጀር ብዙ ጊዜ 120 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው፤ የኛ ሶኬት ላይ መቀየሪያ ራስ ገጥማችሁ ብትሰኩት በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፤ 220 ቮልት የሚችል መሆኑ ካልተጻፈበት ወይ ትራንስፎርመር፣ ወይ እዚሁ የሚሠራ ቻርጀር ያስፈልጋችኋል። ከኤምሬቶች የመጣው በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ መብራታቸው ከኛው ጋር ይቀራረባል።

ወንድማችሁ በአውሮፕላን የሚያመጣው ከሆነ ደግሞ ትርፍ ባትሪውን ወደ ሻንጣ ክፍል በሚገባው ጓዝ ውስጥ እንዳይከተው ንገሩት። ባትሪው ጫፎቹ ተሸፍነው ከራሱ ጋር በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት በ5 ሲባዛ 90 ነው፤ ያልፋል። በ6 ሲባዛ 108 ነው፤ ያኔ አየር መንገዱን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ይህን ባለማወቅ ስንት ባትሪ ኤርፖርት ቀርቷል!

ባትሪውን ገዝታችሁ ስታስቀምጡትም ሙቀት ጠላቱ ነው። አፋርና ድሬዳዋ የምትመላለሱ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። መኪና ውስጥ ለአደጋ የሚቀመጥ ከሆነም በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥታችሁ ሙሉት፤ በሚያስፈልግበት ሌሊት ባዶ እንዳይሆንባችሁ።

ሦስተኛው ቡሶላው ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ነገር ግን ዓይን የሚያጠፋው ይህ ነውና ስሙኝ። የሚያብለጨልጨው ቡሶላ ለእጅ ቁልፍ የተሠራ ነው። ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ ነው፤ የማሽኑን ምት ሲቀበል ሊሰነጠቅና ስባሪው ሊፈናጠር ይችላል። ለኢምፓክት የሚሆነው ጥቁሩ፣ ግድግዳው ወፈር ያለው ነው። ቸርኬያችሁ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ቀዳዳውን እንዳይቧጥጠው ዙሪያው ፕላስቲክ የለበሰ ቀጠን ያለ ቡሶላ አለ። ሦስት መጠኖቹ አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ብዙ ጊዜ 17 ቁጥሩ ሰማያዊ፣ 19ኙ ቢጫ፣ 21ዱ ቀይ ነው። ቶዮታ 21 ነው፣ ሱዙኪ 19፣ ፎልክስዋገን 17። ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ መኪና ላይ ለኩ፤ ምክንያቱም ዳዶው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ረጅም ማራዘሚያ መሀል ላይ አታስገቡ፤ ምቱን ይበላዋል። ሌባ እንዳይፈታው የሚታሰረውን ልዩ ዳዶ ደግሞ በማሽን ፈጽሞ አትንኩት። ቁልፉ ስስ ስለሆነ ይሰበራል፤ ከተሰበረ በኋላ ጎማውን ለማውለቅ የሚከፈለው ዋጋ ከመፍቻው ሊበልጥ ይችላል። እሱን ሁልጊዜ በእጅ።

አሁን ወደ አራተኛው ደረስን፤ ወደ ማጥበቁ። ማሽኑን የምንገዛው ለመፍታት ነው ብዬ ነበር። ለምን እንዲህ አጥብቄ እላለሁ?

ያንን መካከለኛ ማሽን፣ ለማጥበቅ 330 የሚያወጣውን፣ 103 ለሚፈልግ ዳዶ ስጡትና ቃታውን ሳባችሁ ሦስት ሰከንድ ያዙ። ልጁን ከቁልፉ ላይ አውርደን ማሽን በቦታው ተካን ማለት ነው። ያውም ልጁ ሲወጣበት ቁልፉ ሲንጫጫ ይሰማል፤ ማሽኑ ግን 100 ላይም 300 ላይም ድምፁ ያው ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። የጎማ ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ጎማውን ከሚታሰርበት ሞዞ ጋር አጣብቆ የሚይዘውም ያ መለጠጥና ወደ ቦታው ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው። ከልክ በላይ ከተለጠጠ ግን አይመለስም። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ደክሟል፤ አንድ ቀን ይበጠሳል። አንዱ ዳዶ 300፣ አጠገቡ ያለው 120 ላይ ሲሆን ደግሞ የፍሬኑ ዲስክ ከመስመሩ ሊወጣና ፍሬን ስትይዙ መሪው መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ባለመኪናው ዲስክ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን ከአጠባበቁ ነበር።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ፊት ከዝገትና ከጭቃ በብረት ብሩሽ ጥረጉት። ዳዶዎቹን ሁሉ በጣታችሁ ጀምሩ፤ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር በጣት መግባት አለባቸው። በጣት እንቢ ያለ ዳዶ ጥርሱ ተዛብቷል ማለት ነው፤ እሱን በማሽን ማስገደድ ብሎኑን መግደል ነው። ከዚያ ማሽኑን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጋችሁ፣ በማዶ ለማዶ ቅደም ተከተል፣ ዳዶው ቸርኬውን እስኪነካ ብቻ ውሰዱት። መዶሻው መምታት ሲጀምር ቃታውን ልቀቁ። ክሪኩን አውርዱ፤ ጎማው መሬት ሲይዝ ቶርክ ሬንቹን 103 ላይ ወይም መኪናችሁ በሚጠይቀው ቁጥር ላይ ሙሉና እንደገና በማዶ ለማዶ አንድ በአንድ አጥብቁ። «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ሁለት ጊዜ «ቀጭ» አታሰኙት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አረጋግጡ።

ጥርሱን ግሪስ ወይም ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ «ነገ እንዲፈታልኝ» ይላሉ። ፋብሪካው ያንን ቁጥር ያወጣው ለደረቅ ጥርስ ነው። ግሪስ ስትቀቡት ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው 103 ላይ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። አትቀቡ።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ስታከፋፍሉ ለማጥበቂያውም ቦታ ተዉለት። ባላችሁ ገንዘብ ሁሉ ትልቁን ማሽን ከምትገዙ፣ መካከለኛውን ገዝታችሁ በቀሪው ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካ ባለ ግማሽ ኢንች ቶርክ ሬንች ጨምሩ። ጥንዶች ናቸው፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላው ያጠብቃል። ሬንቹን ሥራ ስትጨርሱ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሳችሁ አስቀምጡት፤ ዳዶ ለመፍታት አትጠቀሙበት፣ ልኩ ይዛባል።

የጎሚስታ ባለቤቶች፣ እናንተን በተለይ ልለምናችሁ። ግድግዳችሁ ላይ በትልልቁ የምትሠሯቸውን መኪኖች ስምና ቁጥራቸውን ጻፉ። ደንበኛው ፊት ቶርክ ሬንች አውጥታችሁ አጥብቁ። እናንተም ባለመኪኖች፣ ጎማ አስቀይራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት «ወንድሜ፣ በስንት አጠበቅህልኝ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ጥያቄው ሲደጋገም አሠራሩ ይለወጣል። ጆሮም ይታሰብ፤ ይህ ማሽን በዳዶ ላይ ሲመታ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ለሚውሉት ልጆች የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር ግዙላቸው። በ20 ዓመታቸው የተጎዳ ጆሮ በ40 ዓመታቸው አይመለስም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሳልናገር ብወርድ ትወቅሱኛላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ እያየናቸው ነው። ለጎማ ቤት ሦስት ነገር ይለወጣል። መጀመሪያ ክብደቱ፤ ቪትዝ አንድ ሺህ ኪሎ አካባቢ ሲሆን ፎልክስዋገን አይዲ 4 ግን ሁለት ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። ክሪካችሁ ያን መቻል አለበት፤ የሚገባበትም ፋብሪካው ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው፤ ወለሉ ባትሪ ነውና። ሁለተኛ፣ አይዲ 4ን የመሳሰሉት በዳዶ ፋንታ ከውጭ የሚገባ ብሎን ነው ያላቸው። ጎማው የሚንጠለጠልበት ነገር ስለሌለ ቀዳዳውን እያስተካከላችሁ በእጅ መጀመር የግድ ነው። ማሽን ይዞ በጥድፊያ የሚገጥም ሰው ጥርሱን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ጥርስ ደግሞ ሞዞው ውስጥ ነው ያለው፣ ጥገናው ውድ ነው። ሦስተኛ፣ ብዙዎቹ ስኮርታ ይዘው አይመጡም፤ ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ የጎማ መንፊያ ብቻ ነው ያላቸው። ስኮርታ የሌለው መኪና ባለቤት መፍቻ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ቢያስቀምጥ መንገድ ላይ ምን ይገጥማል? በመጀመሪያ ስኮርታውን ያስብ።

አሁንም በግልጽ ልናገር፤ ይህ ማሽን ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። አንድ መኪና ያለው፣ ጉልበት ያለው፣ ጎማ በዓመት አንዴ የሚቀይር ሰው 60 ሴንቲ ሜትር እጀታ ያለው ጠንካራ የእጅ መፍቻ፣ ልኩን የጠበቀ ቡሶላና ቶርክ ሬንች ይበቃዋል። ባትሪ አያልቅበትም። ወገቡን ለሚያመው፣ እጇ ለማይጠነክረው፣ ሁለት ሦስት መኪና ለሚያስተዳድር ቤተሰብ፣ መንገድ ዳር ለሚሠራ ጎሚስታ ግን ተገቢ ወጪ ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ባትሪውን አስገብቶ አየር ላይ ሲያሽከረክርላችሁ አትርኩ፤ አየር ላይ የማይሽከረከር ማሽን የለም። በራሳችሁ ጎማ ላይ፣ ክሪክ ሳይገባ፣ አንድ ዳዶ እንዲፈታ ጠይቁ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከፈታው ጥሩ ነው። አስር ሰከንድ መትቶ ካልፈታ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ተዉት። ከዚያ ያንኑ ዳዶ በቶርክ ሬንች መልሳችሁ አጥብቁ። ባትሪውን መዝኑ፣ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፣ ትርፍ ባትሪ ለብቻው እንደሚገኝ ጠይቁ፤ ባትሪ የማይገኝለት ማሽን ዕድሜው የዚያች የመጀመሪያዋ ባትሪ ዕድሜ ነው።

 በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማሽንና አንድ ቶርክ ሬንች አለ፤ ቀርባችሁ በእጃችሁ ሞክሩት፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።